ሮማኒያን በሞተር ሳይክል፦ ከጀርመን ተነስቶ የካርፓቲያን ተራሮችን ዞሮ ለመመለስ

ሮማኒያን በሞተር ለማየት አስባችሁ ካርታ ዘርግታችሁ ኪሎ ሜትር መደመር ከጀመራችሁ፣ ለጊዜው ተዉት። እዚያ አገር ቀኑ የሚለካው በብርሃን ነው። በጀርመን አውራ ጎዳና በአንድ ቀን 600 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ ተራራው ውስጥ ገብቶ 200 ከሄደ ጥሩ ሄዷል። እኔ ይህ የገባኝ በመጀመሪያ ጉዞዬ በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። ትንሽ ነው የቀረኝ ብዬ ከመሸ በኋላ በአንድ መንደር ሳልፍ መብራቴ ድንገት የጋሪ ጎማ ላይ አረፈ። ድርቆሽ እስከ አናቱ የጫነ የፈረስ ጋሪ ነው፤ መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው። ፍሬን ይዤ ስቆም በእኔ የፊት ጎማና በጋሪው መካከል የቀረው አንድ እርምጃ አይሞላም። ሽማግሌው ዘወር ብለው እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ዳር ይዤ ሞተሬን አጠፋሁ፤ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስም አልተነሳሁም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፣ ከመሸ ግን አንድም ቀን አልነዳሁም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ልክ የተሰፋ ነው።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን አስተካክሉ

ሮማኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በየብስ ድንበሯም ሙሉ የሼንገን አባል ሆናለች፤ ከሃንጋሪ ስትገቡ እንደ ድሮው ፓስፖርት ይዞ መሰለፍ ቀርቷል። ይህ ማለት ግን ወረቀት ቤት ትቶ መሄድ ይቻላል ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ፓስፖርታችሁንና የጀርመን መኖሪያ ፈቃዳችሁን አብራችሁ ያዙ፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መዘዋወር ትችላላችሁ። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትሄዱም መኖሪያ ፈቃዱን አትርሱ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን ይህን ጉዞ አቆዩት። ያ ወረቀት ከአገር ወጥቶ ለመመለስ አያገለግልም፣ በአንድ የመዝናኛ ጉዞ ምክንያት ጉዳያችሁን ማበላሸት የለባችሁም። ሰርቢያ፣ ዩክሬንና ሞልዶቫ ከሼንገን ውጭ ናቸው፤ ጂፒኤሱ አቋራጭ ብሎ በእነሱ በኩል ቢመራችሁ እሺ አትበሉት።

መንጃ ፈቃድ ላይ ብዙ የአገራችን ልጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ጀርመን ውስጥ በመኪና መንጃ ፈቃድ ላይ ጥቂት ሰዓት ሥልጠና ወስዶ 125 ሲሲ መንዳት የሚያስችለው "ቤ 196" የሚባለው ተጨማሪ ምልክት የሚሠራው ጀርመን ውስጥ ብቻ ነው። ኦስትሪያ ድንበር ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የምትነዱት ያለ መንጃ ፈቃድ ነው፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሳባችኋል። ለዚህ ጉዞ ኤ 1፣ ኤ 2 ወይም ሙሉው ኤ ያስፈልጋችኋል። ከኢትዮጵያ ይዛችሁት የመጣችሁት መንጃ ፈቃድም ጀርመን ውስጥ ኑሮ ከጀመራችሁ ከ6 ወር በኋላ አያስነዳችሁም።

ሊብሬውን በዋናው ያዙ። ሞተሩ የጓደኛ ከሆነ በፊርማው የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ይኑራችሁ። የኢንሹራንስ ካርዱን ድርጅቱ በነጻ ይልክላችኋል፣ ጠይቁት። የጤና መድኅን ካርዳችሁን ገልብጡና ተመልከቱ፤ በጀርመን የመንግሥት መድኅን ካርድ ጀርባው የአውሮፓ ጤና ካርድ ነው፣ በሮማኒያ የሕዝብ ሆስፒታልም ይሠራል። የታመመን ሰው ወደ ጀርመን የማመላለስ ወጪ ግን እሱ አይሸፍንም፣ ለዚያ ርካሽ የጉዞ ኢንሹራንስ ጨምሩ።

ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል ለምትመጡ ወደ ቡካሬስት፣ ወደ ክሉዥ ወይም ወደ ሲቢዩ በርሮ ሞተር መከራየት ይሻላል። ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ማኅተሙ የሞተር ሳይክል ሣጥን ላይም ማረፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ሞተሩን ስትረከቡ ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ጭረቱን ሁሉ።

ሞተሩን አዘጋጁ

ትልቅ ሞተር አያስፈልግም። 500 ሲሲ ለሁለት ሰው እንኳ ይበቃል፤ ጠባቡ ኩርባ ላይ ቀላል ሞተር ያሳርፋል። የሚያስፈልገው ጤነኛ ሞተር ነው። ከመነሳታችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት መካኒክ ዘንድ ውሰዱትና የፍሬን ሸራውን፣ የፍሬን ዘይቱን፣ ካቴናውንና ጎማዎቹን አሳዩ። "ለ4,000 ኪሎ ሜትር ይበቃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ግማሽ ያለቀ የኋላ ጎማ ይዞ መሄድ ቁጠባ ይመስላል፣ ግን ተራራ መካከል የእናንተን ልክ ፍለጋ ሁለት ቀን ይበላባችኋል። ሁለት ሳምንት የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲስ ጎማ ቆዳው እስኪለሰልስ ድረስ ያንሸራትታል፣ ቤት አካባቢ ትንሽ ንዱበት።

ጭነት ስታሰናዱ ከባዱን ነገር ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት፤ ቀላሉን ከላይና ከኋላ። ከተጫነ በኋላ የጎማውን ነፋስ መጽሐፉ ለጭነት በሚያዘው መጠን ሙሉ። ካቴናውን በየ500 ኪሎ ሜትሩ ቀቡት፣ ማታ ማታ ሞቅ እንዳለ ሲሆን ይመረጣል። ጎማችሁ ካልማዳሪያ ያለው ነው ወይስ የሌለው? ይህን ዛሬውኑ እወቁ፣ የመጠገኛው ዕቃ የተለያየ ነው።

ልብስን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ትራንስፋገረሻን የሚባለው ዝነኛ መንገድ ከፍታው 2,042 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። እና ሰው "እኛ ከዚህ ከፍ ብለን አይደል ያደግነው!" ብሎ ይሳሳታል። ያ ከፍታ ግን በዓመት ስምንት ወር ገደማ በበረዶ የሚዘጋ ነው፤ በሐምሌ ሜዳው ላይ 33 ዲግሪ ትታችሁ ወጥታችሁ አናቱ ላይ 8 ዲግሪና ጉም ይጠብቃችኋል። ወፍራም ጓንት፣ የዝናብ ልብስና አንድ ሹራብ በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ አድርጉ።

የሚወስደው መንገድ

ከሙኒክ እስከ ሲቢዩ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳልዝቡርግ፣ ሊንዝ፣ ቪየና፣ ቡዳፔስት፣ ሴገድ፣ ከዚያ ነድላክ በሚባለው ድንበር ገብታችሁ አራድ፣ ቲሚሾአራ፣ ዴቫ፣ ሲቢዩ። አሰልቺ ነው፣ በሁለት ቀን ጨርሱት። ለኦስትሪያ አውራ ጎዳና ሞተርም ቪኜት (የመንገድ ክፍያ) ይገዛል። ሃንጋሪ ኤ ማትሪጻ የሚሉት በታርጋ ቁጥር የሚመዘገብ ነው፤ ስትገዙ የሞተር ሳይክሉን ዘርፍ መምረጣችሁን፣ ታርጋው አንድ ፊደል አለመሳሳቱንና የአገሩ ምልክት ትክክል መሆኑን አይታችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ። ሮማኒያ ውስጥ መኪናዎች ሮቪኔታ የሚባለውን ይከፍላሉ፣ ሞተር ሳይክል ግን ነጻ ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ቢኖር አመስግናችሁ እለፉ።

ድንበሩን ስታልፉ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጉ። ገንዘቡ ሌይ ነው፣ አንድ ዩሮ 5 ሌይ ያህል ያወጣል። ካርድ ከተማ ውስጥ ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ ተራራ ላይ ግን አይብና ማር የሚሸጡት እናቶች ጥሬ ገንዘብ ነው የሚቀበሉት። የገንዘብ ማሽኑ "በዩሮ ልቁረጥልህ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ እምቢ በሉ፣ በሌይ ይቁረጥ።

ነዳጅ ማደያው ላይ ደግሞ ይህን አንድ ቃል በቃላችሁ ያዙ። "ሞቶሪና" ማለት ናፍጣ ነው! ስሙ የሞተር ነዳጅ ይመስላል፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን እጄን ዘርግቼ ማንሻውን ልይዝ ስል አንዲት የማደያ ሠራተኛ ከሩቅ ሮጣ መጥታ ይዛኛለች። የእናንተ "ቤንዚና" ነው፣ 95 የሚል የተጻፈበት።

ቀኑን በብርሃን አብጁት

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሞተር ላይ ሁኑ። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ፣ የትም ብትደርሱ፣ ማደሪያ መፈለግ ጀምሩ። በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ የተረፈ ይመስላል፣ እሱ ጊዜ የመጠባበቂያ ነው። ጎማ ቢፈነዳ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ዝናብ ቢይዛችሁ ከእሱ ነው የምትወስዱት። በበጋ ደግሞ ተራራው ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ነው፤ ትልቁን አቀበት ሁልጊዜ ለጠዋት አድርጉት።

ማደሪያ ለማግኘት "ካዛሬ" ወይም "ፔንሲዩነ" የሚል ሰሌዳ ፈልጉ። በየመንደሩ አለ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ከቤቱ ሁለት ሦስት ክፍል የሚያከራይበት ነው። ሞተሩን ግቢ አስገብተው በሩን ይቆልፉላችኋል። ያለ ቀጠሮ ስትደርሱ ሄልሜታችሁን አውልቁና ፊታችሁን አሳዩ፣ ከዚያ "ቡና ዚዋ" በሉ። እንደምን ዋላችሁ እንደማለት ነው። "ቡና" በእነሱ ቋንቋ ጥሩ፣ መልካም ማለት ነው፤ እርስ በርሳቸውም አጠር አድርገው "ቡና!" ይባባላሉ። እኔ በየደጁ ቡና ስጠራ መዋሌ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የሚጠጣውን ቡና ግን "ካፌያ" ነው የሚሉት። አመሰግናለሁ ለማለት "ሙልጹሜስክ"።

የኔ ዙር እንዲህ ነው፦ ሦስተኛው ቀን ትራንስፋገረሻንን ወደ ደቡብ ተሻግሮ ኩርቴያ ደ አርጀሽ ማደር። አራተኛው ቀን በሆረዙ በኩል ኖቫች። አምስተኛው ትራንስአልፒና የሚባለውን መንገድ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሰበሽ፣ ከዚያ አሮጌዋ የግንብ ከተማ ሲጊሾአራ። እዚያ አንድ ቀን አርፋችሁ ልብስ እጠቡ። ከዚያ በቢካዝ ገደል በኩል ወደ ሞልዳቪያ ገዳማት (ይህ የሮማኒያ ክፍል ነው፣ ሞልዶቫ የምትባለው አገር አይደለም)፣ በፕሪስሎፕ ማለፊያ ወደ ማራሙረሽ፣ በሳቱ ማረ በኩል ወደ ሃንጋሪ። ከነመመለሻው ሁለት ሳምንት ፈቃድ ይበቃል። በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ የሚል ካለ የሞልዳቪያውን ክፍል ትቶ ሁለቱን ተራሮች ብቻ ይያዝ፣ ማጣደፍ አያስፈልግም።

ትራንስፋገረሻንን እንዴት መውጣት እንደሚገባ

ይህ መንገድ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1974 በኒኮላይ ቻውሼስኩ ትእዛዝ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1968 ቼኮስሎቫኪያን ስትወር፣ ነገ ወደ እኛ ቢመጡ ሠራዊት በተራራው ላይ የሚሻገርበት መንገድ ይኑር ብሎ አሠራው። ድንጋዩን በዲናሚት የፈነቀሉት ወታደሮች ናቸው፤ በመንግሥት መዝገብ ብቻ 40 ያህሉ ሞተዋል። ኩርባው ሁሉ ዓይን የሚማርክ ሆኖ ሳለ ይህን አስቦ መንዳት ተገቢ ይመስለኛል።

ከፍተኛው ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ መጀመሪያ ነው፣ የሚዘጋውም በኦክቶበር መጨረሻ። ማታ ማታ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፤ የመንገድ አስተዳደሩን ማስታወቂያ ከመሄዳችሁ በፊት ለባለ ማደሪያው አስነብቡት። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ በኦገስት፣ አትሂዱ፤ መኪና ከመኪና ተያይዞ ይቆማል። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ጥሩ ናቸው።

ከሰሜን፣ ከክርጺሾአራ በኩል ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ታንከሩን ሙሉ፣ እስከ ኩርቴያ ደ አርጀሽ ድረስ 115 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ጫካውን ከጨረሳችሁ በኋላ ሸለቆው ይከፈታል፣ መንገዱም እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዝዞ ከፊታችሁ ይቆማል። የዓባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገራችሁ ሰዎች ስሜቱን ታውቁታላችሁ፣ ልዩነቱ እዚህ ቅዝቃዜው ነው።

ኩርባውን እንዲህ ያዙት። ፍጥነታችሁን ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ጨርሳችሁ ቀንሱ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ፣ በጣም በጠበበው ላይ ወደ አንደኛ አውርዱ። ዓይናችሁን ከፊት ጎማው ላይ አንሱና ጭንቅላታችሁን አዙራችሁ መውጫውን እዩ፤ ሞተር ዓይን ወደሄደበት ይሄዳል፣ ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ። መታጠፍ ከጀመራችሁ በኋላ ጋዙን ጥቂት ሰጥታችሁ እኩል አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ አትንሳፈፉ። ሞተሩ የሚወድቅባችሁ ከመሰላችሁ የኋላውን ፍሬን በስሱ ንኩት፣ የፊቱን ተዉት። በራሳችሁ መስመር ውስጥ ሁኑ፤ አውቶቡስ ከላይ ሲታጠፍ የእናንተን ግማሽ ይወስዳል። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው አቀበት ከሁሉም ጠባቡ ነው፣ እዚያ ላይ ከፊታችሁ ያለው መኪና እስኪያልፍ ክፍተት ስጡት፤ መካከል ላይ ቢቆምባችሁ እግር የሚያርፍበት መሬት ሩቅ ነው።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልና ማንሻው ይለሰልስበታል። የማቃጠል ሽታ ከሸተታችሁ አንድ ሩብ ሰዓት ቆሙ።

አናቱ ላይ ብሌያ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ አጠገብ 884 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ይጀምራል። ከመግባታችሁ በፊት የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቁ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው። በአንዱ በኩል ጠራራ ፀሐይ ትታችሁ በሌላው በኩል ጉም ውስጥ መውጣት ይኖራል፤ ስለዚህ መውጫው ላይ ቀስ በሉ። ደቡቡ ረጅም ጫካ ነው፣ አስፋልቱም የተቦረቦረ ቦታ አለው። መጨረሻው ላይ ቁመቱ 166 ሜትር የሆነው የቪድራሩ ግድብ ላይ ትደርሳላችሁ።

ትራንስአልፒና ከዚህ ከፍ ይላል፣ ኡርደለ የሚባለው ማለፊያ 2,145 ሜትር ነው፤ ከኖቫች እስከ ሰበሽ 148 ኪሎ ሜትር። ሰው አነስ ይላል፣ ሜዳውም ክፍት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን እመርጣለሁ። ንፋሱ ግን ጠንካራ ነው፣ መሪውን ሳታንቁ ጉልበታችሁን ታንከሩ ላይ አጥብቁ።

ድብ፣ ውሻ፣ ጋሪ

በደቡቡ ጫካ ድቦች መንገድ ዳር ተቀምጠው ምግብ ይጠብቃሉ። ለማዳ ይመስላሉ፣ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ጣሊያናዊ ሞተረኛ እዚያው መንገድ ላይ በድብ ተገድሏል። መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው። ድብ ስታዩ አትቁሙ፣ ፎቶ አትበሉ፣ ከተቻለ በሌላው ጠርዝ በኩል በእርጋታ እለፉ። ከፊታችሁ መኪናዎች ድብ ለማየት ቆመው ከሆነ ደግሞ እናንተ በሩ የሌለው ዕቃ ላይ መሆናችሁን አስታውሱና ርቃችሁ ጠብቁ። ስልካችሁ ድንገት እንደ ሳይረን ቢጮህ አትደንግጡ፤ መንግሥት ድብ የታየበት አካባቢ ላሉ ስልኮች ሁሉ የሚልከው ማስጠንቀቂያ ነው።

የእረኛ ውሾች ሌላው ናቸው። ውሻው የሚሮጠው እናንተ ትደርሳላችሁ ብሎ ወደገመተው ቦታ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ስታዩት ፍጥነት ቀንሱና ማርሽ አውርዱ፤ እሱ ሂሳቡን አስተካክሎ ሲቀርብ ጋዝ ሰጥታችሁ ውጡ። ስሌቱ ይፈርስበታል። በእግር መምታት ፈጽሞ አይሞከርም፣ ሚዛን የሚያስተው እሱ ነው።

ጋሪውን ነግሬያችኋለሁ። በማራሙረሽ በኩል ደግሞ እንጨት የጫኑ ከባድ መኪናዎች አሉ፤ ቅርፊትና ጭቃ ይጥላሉ፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። "ድሩም ኢን ሉክሩ" የሚል ሰሌዳ መንገድ እየተሠራ ነው ማለት ነው፣ ከኋላው ጠጠር አለ።

ፍጥነቱ በከተማና በመንደር 50፣ ከዚያ ውጭ 90፣ በዋና ዋናዎቹ አገር አቋራጭ መንገዶች 100፣ በአውራ ጎዳና 130 ነው። መንደሮቹ መንገዱን ተከትለው በረጅሙ የተዘረጉ ናቸውና ለሰባት ኪሎ ሜትር 50 መሄድ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ታገሡ። መብራታችሁ ቀንም ይብራ። የአልኮል መጠኑ ዜሮ ነው፣ ሃንጋሪም እንዲሁ። ባለ ማደሪያው ጹይካ የሚባል የፕለም አረቄ ይቀዳላችኋል፣ እንቢ ማለት ቅር የሚያሰኝ ሊመስል ይችላል። "ዲሚኒያጻ፣ ሞቶቺክሌታ" ብላችሁ ወደ ሞተሩ አመልክቱ፦ ጠዋት፣ ሞተር ማለት ነው። ማታ የተጠጣ ሁለት ብርጭቆ ጠዋት ደም ውስጥ አለ።

የሚበላውና ገዳማቱ

ጾመኛ ለሆነ ኢትዮጵያዊ ከሮማኒያ የሚቀል የአውሮፓ አገር አላውቅም። አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ምግብ ቤት ገብታችሁ "ደ ፖስት" በሉ፤ ማብራራት የለም፣ ሥጋ የለውም እንዴ፣ ቅቤስ፣ እንቁላልስ ብሎ መጨቃጨቅ የለም። አስተናጋጁ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይሄዳል። ተፈጭቶ በሽንኩርት የተቀባ ቦሎቄ፣ ዛኩስካ የሚሉት የደበርጃን (ኤግፕላንት) እና የቃሪያ ድልህ፣ ሩዝና እንጉዳይ የተጠቀለለበት የጎመን ቅጠል፣ ከበቆሎ የተሠራ ማማሊጋ የሚባል ገንፎ ይዞ ይመጣል። በሆረዙ አቅራቢያ አንዲት እናት ማማሊጋውን በእንጨት ገበታ ላይ ገልብጠው በክር ቆርጠው ሲያቀርቡልኝ፣ መካከሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጌ ዘይትና በርበሬ ስጠይቃቸው ገርሟቸው ቆመው አዩኝ። ቀምሰውም "ቡን!" አሉ።

የማርያም ጾማቸው ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው። የእኛ ፍልሰታ በ7 ሲገባ እነሱ ተጋምሰዋል፤ በ15 ሲፈስኩ እኛ አንድ ሳምንት ይቀረናል። ኦገስት 15 ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ገዳማቱ በሰው ይሞላሉ፣ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ።

ሞልዳቪያ ከደረሳችሁ የቮሮነጽን ገዳም ሳታዩ አትለፉ። የሞልዳቪያው መስፍን ታላቁ ስቴፋን እ.ኤ.አ. በ1488 በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ያሠራው ነው። ሥዕሉ በውጭ ግድግዳው ላይ ነው፣ በ1547 የተሣለ። የምዕራቡ ግድግዳ ሙሉውን የምጽአት ፍርድ ነው። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ እያየ ላደገ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም፤ ሚዛኑን፣ የእሳቱን ወንዝ፣ ነፍሳትን የሚጎትቱትን አጋንንት አንድ በአንድ ትለያላችሁ። መደቡ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ በቦታው ስም የሚጠራ። የሰሜኑ ግድግዳ ግን አምስት መቶ ዓመት ዝናብና በረዶ በልቶታል።

ግቢው ውስጥ የሻማ ማብሪያው ለሁለት የተከፈለ ነው፦ "ቪይ" የተጻፈበት ለሕያዋን፣ "ሞርጺ" የተጻፈበት ለሙታን። ስታበሩ አስተውሉ። ቅዳሴ ማስቀደስ ትችላላችሁ፣ ለቁርባን ግን አትቅረቡ፤ እኛና እነሱ በምሥጢራት አንድ አይደለንም፣ ካህኑን ማስጨነቅ አይገባም። በቁምጣ አይገባም። ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ጓንት የሚያህል ቦታ ነው የሚይዘው።

ችግር ሲገጥም

ለሁሉም አደጋ 112 ነው። ተራራ ላይ ከሆነ የተራራ አዳኞቹን ሳልቫሞንትን በ0725 826 668 ማግኘት ይቻላል። ኔትዎርክ የሌለበት ሸለቆ ስላለ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ዌዝ (Waze) የሚባለውን የመንገድ መተግበሪያም ክፈቱ፤ የአገሩ ሰው የተቦረቦረ መንገድና ራዳር የሚጠቋቆመው በእሱ ነው።

ጎሚስታ ፍለጋ አትንከራተቱም። "ቩልካኒዛረ" የሚል ሰሌዳ በየመንደሩ መግቢያ ተሰቅሏል፣ አንዳንዱ በአሮጌ ጎማ ላይ በእጅ የተጻፈ ነው። ብዙዎቹ ሞተር ይሠራሉ፤ ጎማውን ራሳችሁ ፈትታችሁ ካቀረባችሁ ግን ሥራው ይፈጥናል። ግጭት ካጋጠማችሁና ሰው ካልተጎዳ የአውሮፓውን የአደጋ ቅጽ ሙሉ፤ ቅጹ በየቋንቋው ቢታተምም የሣጥኖቹ ቁጥር አንድ ነው፣ የጀርመንኛውን አጠገቡ አድርጋችሁ ቁጥር በቁጥር ትሞላላችሁ። ያልገባችሁ ነገር ላይ አትፈርሙ። ሰው ከተጎዳ ሞተሩን ሳታንቀሳቅሱ 112 ደውሉ።

በመጨረሻው ቀን ሳቱ ማረ ስትደርሱ ድንበሩ በአቅራቢያው ነው፣ ፐቴያ ይባላል። ከተማው ውስጥ ቤንዚኑን ሙሉ፣ ካቴናውን ቀቡ፣ የጎማ ነፋስ ተመልከቱ። የተረፋችሁን ሌይ እዚያው በነዳጅ ጨርሱት። የሃንጋሪውን ማትሪጻ ከዚያው ቁጭ ብላችሁ በስልክ ግዙ፣ የመጀመሪያው ጊዜው አልፎበታልና። ሰዓታችሁንም አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሱት።